የሯጩ ጉልበት

ምዕራፍ ዐሥራ አንድ

ሀ. ከምንባቡ በፊት

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት ስለሚከተሉት ጥያቄዎች በቡድን ተወያዩ።

1. ከእናንተ መካከል በጨዋታ ላይ ሳለ ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን የተጐዳ አለን? ወደ ጨዋታ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ፈጀበት? መመለስ እንደሚችልስ የወሰነው ማን ነበር?
2. «ተጠገነ» እና «ዳነ» በሚሉት ቃላት መካከል ምን ልዩነት አለ? መልሳችሁን ጻፉና ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ እንደገና ተመልከቱት።

ለ. ምንባብ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዩናይትድ ስቴትስ «እግር ኳስ» ተብሎ የሚጠራው ጨዋታ በሌላው ዓለም በዚህ ስም ከሚታወቀው ጨዋታ ፈጽሞ የተለየ ነው። ኳሱ ድቡልቡል ሳይሆን እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያዘው በእጅ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ይህን ከፈጸመ አራት ሙከራ እንደገና ይሰጠዋል፤ ካልፈጸመ ግን ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ይተላለፋል። ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ድረስ ያስገባ ቡድን ተችዳውን አስቈጠረ ይባላል፤ ይህም ስድስት ነጥብ ያስገኝለታል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ራኒንግ ባክ የሚባል ተጫዋች አለ። ተግባሩ ከአቀባዩ ኳሱን ተቀብሎ በብብቱ ሥር አጥብቆ በመያዝ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ መሮጥ ነው። ተከላካዮቹም በበኩላቸው ይዘው፣ ገፍተው ወይም በትከሻቸው መትተው ሊጥሉት ይፈቀድላቸዋል። ራኒንግ ባኩ ከእነርሱ የሚያመልጠው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በሙሉ ሩጫ ላይ ሳለ አንዱን እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሰውነቱን በድንገት ወደ ሌላ አቅጣጫ በመመለስ ጭምር ነው። በዚያች ቅጽበት የራሱ ክብደት፣ የሩጫው ፍጥነትና የተጋጣሚው ግፊት ሁሉ ተሰብስበው በአንድ ጉልበት ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ለራኒንግ ባክ ጉልበቱ የሙያው መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች የሚያደርጉት ግጥሚያ እንደ ተራ የተማሪዎች መዝናኛ አይታይም። የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ100,000 በላይ ተመልካቾችን ይይዛል። ሆኖም ይህ ምንባብ የሚተርከው ታሪክ በተፈጸመበት ጊዜ ተጫዋቾቹ ትምህርታቸውን በነጻ ከመማር በስተቀር ለጨዋታቸው ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር፤ ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደላቸው ከ2021 ጀምሮ ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ወደ ሙያተኛ ቡድን ገብተው ከፍተኛ ክፍያ የሚያገኙት። ለዚህም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ሦስት ዓመታት እስኪሞሉ ድረስ መጠበቅ ግዴታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጉልበቱ የተጐዳ ወጣት የሚያጣው አንድን የጨዋታ ወቅት ብቻ ሳይሆን ገና ያልተቀበለውን እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ኒክ ቸብ በ1995 ተወለደ። ያደገው በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሰሜን ምዕራብ በምትገኝ ሴዳርታውን በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። በ2014 ወደ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝባት ከተማ አቴንስ ትባላለች፤ ከግሪክ ዋና ከተማ ጋር ስሟን ከመጋራቷ በቀር ሌላ ዝምድና የላትም። ቸብ ንግግር የማያበዛ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከእርሱ በፊት ቶድ ገርሊ የሚባል ዝነኛ ራኒንግ ባክ ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በኦክቶበር ወር ገርሊ ከጨዋታ በታገደ ጊዜ ግን ቸብ በቦታው ተተካ። ገርሊም እገዳውን ጨርሶ በተመለሰበት በመጀመሪያው ግጥሚያ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቸብ በዚያው ዓመት 1,547 ያርድ ሮጦ ፈጸመ። እንግዲህ ጉልበት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጐዳ ከጓደኛው ላይ አይቶታል ማለት ነው።

በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሚያቆመው የተገኘ አይመስልም ነበር። በአምስት ግጥሚያዎች 745 ያርድ ያህል ሮጠ፤ ኳሱን በያዘ ቍጥርም በአማካይ 8 ያርድ ይገፋ ነበር። ካለፈው ዓመት ጋር ተያይዞ ሲቈጠር በ13 ተከታታይ ግጥሚያዎች ከ100 ያርድ በላይ በመሮጡ፣ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እጅግ ስመ ጥር የሆነው ኸርሼል ዎከር ካስመዘገበው ክብረ ወሰን ጋር እኩል ሆነ። አንድ ግጥሚያ ብቻ ቢጨምር ክብረ ወሰኑ የእርሱ ብቻ ይሆን ነበር።

ኦክቶበር 10 ቀን 2015 ጆርጂያ ከቴኔሲ ጋር በኖክስቪል ከተማ ተጋጠመ። በጆርጂያ የመጀመሪያ የማጥቃት ሙከራ ቸብ ኳሱን ተቀብሎ ወደ ሜዳው ጠርዝ ሮጠ። ተከላካይ ደርሶ ሲይዘው ግራ እግሩ መሬት ላይ እንደ ተተከለ ቀረ፤ ጉልበቱም ተፈጥሮ ወደማትፈቅደው አቅጣጫ ተቀለበሰ። ግጥሚያው ገና ከመጀመሩ ለቸብ ዓመቱ አበቃ። ቡድኑም በዚያን ዕለት 38 ለ 31 ተሸነፈ።

የደረሰውን ጉዳት ለመረዳት የጉልበትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው፤ ከፊቱም በተለምዶ የጉልበት ሎሚ የሚባለው ክብ አጥንት ይሸፍነዋል። ሁለቱ ታላላቅ አጥንቶች እንደ በርና እንደ መቃን አልተሰካኩም፤ የአንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ተቀምጧል እንጂ። በመካከላቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ልም አጥንቶች ተነጥፈው ግጭትን ያበርዳሉ። አጥንቶቹን ከቦታቸው እንዳይናወጡ አስረው የሚይዟቸው አራት ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ቆመው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ይከላከላሉ። ሁለቱ ደግሞ በመጋጠሚያው ውስጥ እንደ መስቀል ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ ከእነዚህም የፊተኛው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ የኋለኛው ደግሞ ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ ያግዳሉ። ከአራቱ አንዱ ቢበጠስ ሰውየው ምናልባት ቀጥ ባለ መንገድ ይራመድ ይሆናል፤ በሩጫ ላይ ሊታጠፍ ሲሞክር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

ከቸብ ጅማቶች መካከል ሦስቱ፣ ማለትም የኋለኛው መስቀለኛና ሁለቱ የጎን ጅማቶች ተጐዱ፤ ልም አጥንቱም አልተረፈም። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን ሳይበጠስ ቀረ። ከዚህ በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ገባ።

በአገራችን የተወለቀ ወይም የተሰበረ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ በስፖርት ሜዳ ላይ ሮጦ የሚገባውን የቡድን ሐኪም እንኳ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ነገር ግን የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በማሸት አይገጥምም። በእርግጥ በውስጠኛው ጎን ያለው ጅማት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን ፈጽሞ ከተበጠሰ ጫፎቹ ተገናኝተው የመግጠም ዕድላቸው አነስተኛ ነው። ስለሆነም ሐኪሞች ከታማሚው ከራሱ ሰውነት፣ ለምሳሌ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ከጭኑ በስተኋላ ካለው ጅማት ቍራጭ ወስደው በተበጠሰው ምትክ በአጥንቶቹ ውስጥ በሚበሱት ቀዳዳ አሳልፈው ያስሩታል።

ብዙ ሰው ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጉልበቱ ይጠገናል እንጂ አይድንም። በምትኩ የገባው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሕያው ሕዋሳት ያጣና ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ አዳዲስ የደም ሥሮችና ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየገቡ ዐዲስ ሕይወት ይሰጡታል። ይህ ሥራ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። አስቸጋሪው ነገር ታማሚው ይህን በስሜቱ የማያውቀው መሆኑ ነው። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጥንካሬው ዘግይቶ ይመጣል። በሦስተኛው ወር «ድኛለሁ፤ ልሩጥ» የሚለው ወጣት ጉልበቱ ገና በጣም ሊጠነቀቁለት በሚገባ ጊዜ ላይ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ጡንቻም የራሱ ችግር አለው። ጉልበት ከተጐዳ በኋላ ከጭን በስተፊት ያለው ታላቅ ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ከጤነኛው እግር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በዐይን ይታያል። ስለዚህ ልምምዱ የሚጀምረው ሰው ልምምድ ነው ብሎ ከማያስበው ነገር ነው። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ ይጨብጣል፤ እስከ ጥቂት ቍጥር ድረስ ይይዝና ይለቃል። ቀጥሎ ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት፣ ክራንቹን ጥሎ ሳያነክስ መራመድ፣ በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ መጋለብ፣ ክብደት መግፋት ይከተላል። ቀጥ ባለ መስመር መሮጥ የሚፈቀደው ከወራት በኋላ ነው። በሩጫ ላይ መታጠፍ የመጨረሻው ነው፤ ለራኒንግ ባክ ዋናው ሥራ ደግሞ እርሱ ነው። ከመመለሱ በፊት በአንድ እግሩ እንዲዘል ይደረግና የተጐዳው እግር ዝላይ ከጤነኛው እግር ዝላይ ጋር ይመዘናል፤ ከመቶ ዘጠና እጅ ካልደረሰ ብዙ ሐኪሞች አይለቁትም። ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ውድድር የተመለሱ ስፖርተኞች ዳግመኛ የመጐዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑም ታውቋል።

ቸብ ይህን ሁሉ በሚያልፍበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኙን ማርክ ሪችትን አሰናብቶ በእርሱ ቦታ ኪርቢ ስማርትን ቀጠረ። ዐዲሱ አሠልጣኝ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ያደረገው ሴፕቴምበር 3 ቀን 2016 በአትላንታ ከተማ ከሰሜን ካሮላይና ጋር ነበር። ከጉዳቱ 11 ወር ያህል ቈይቶ ቸብ ተሰለፈ። በዚያ ቀን ኳሱን 32 ጊዜ ይዞ 222 ያርድ ሮጠ፤ ሁለት ተችዳውንም አስቈጠረ። ሁለተኛውን ያስቈጠረው በግጥሚያው መገባደጃ ላይ 55 ያርድ ያህል ሮጦ ነበር። ጆርጂያም 33 ለ 24 አሸነፈ። ተመልካቹ ሁሉ «ቸብ ተመለሰ» አለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለተራኪ ምቹ ነበር። ይሁን እንጂ የቍጥሮቹ መዝገብ ሌላ ነገር ይነግረናል። ከጉዳቱ በፊት ኳሱን በያዘ ቍጥር በአማካይ 8 ያርድ ይገፋ የነበረው ቸብ በ2016 የገፋው 5 ያርድ ብቻ ነው። በዓመቱ ውስጥ በጠቅላላ 1,130 ያርድ ሮጠ፤ ከዚህም አምስት አንድ እጁ የመጀመሪያው ቀን የ222 ያርድ ሩጫ ነው። ለመቀነሱ ምክንያቱ ጉልበቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መንገድ ሊጠርጉለት የሚገባቸው ጓደኞቹም በዚያ ዓመት ደካሞች ነበሩ፤ ቡድኑ 8 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ ተሸንፏል። ቢሆንም አንድ ሰው ወደ ሜዳ መግባቱና ወደ ቀድሞ ችሎታው መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ግልጽ ሆነ።

በዓመቱ መጨረሻ ቸብ ወደ ሙያተኛ ቡድን ለመግባት የሚያስችለውን ሦስት ዓመት ጨርሶ ነበር። እንደ ደንቡ ቢሄድ ማንም አይከለክለውም፤ ገንዘቡም ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል ቢቈይ ያለ ደመወዝ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያው ጉልበት ላይ መምታት ይወርድበታል። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን «አሁኑኑ ሂድ» ብለው ቢመክሩት አይፈረድባቸውም። በዲሴምበር 2016 ቸብና ጓደኛው ሶኒ ሚሸል እንደሚቈዩ አስታወቁ።

የሚቀጥለው ዓመት ውሳኔያቸውን የሚያስጸጽት አልነበረም። በ2017 ቸብ 1,345 ያርድ ሮጠ፤ አማካዩም ወደ 6 ያርድ ከፍ አለ። ጆርጂያ የደቡብ ምሥራቅ ሊግን ዋንጫ ወሰደ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ከኦክላሆማ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ቸብ 145 ያርድ ሮጦ ሁለት ተችዳውን አስቈጠረ፤ በሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ ድሉን ያረጋገጠው ግን ሚሸል ነበር፤ ውጤቱም 54 ለ 48 ሆነ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ለአገር አቀፉ ዋንጫ በተደረገው ግጥሚያ በአላባማ 26 ለ 23 ተሸነፉ። ቸብ በአራት ዓመት ውስጥ የሮጠው ድምር 4,769 ያርድ ደረሰ፤ በዚያ ሊግ ታሪክ ከኸርሼል ዎከር ቀጥሎ ሁለተኛ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የክሊቭላንድ ቡድን በ35ኛ ተራ መረጠው፤ ከ2019 እስከ 2022 ድረስም በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጠ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያሻል። የቸብን ታሪክ የሰማ ሰው «የጸና ይመለሳል፤ ያልተመለሰ ሳይጸና ቀርቶ ነው» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው ራኒንግ ባክ ማርከስ ላቲሞር በ2011 ግራ ጉልበቱ ተጐዳ፤ ታክሞና ሠልጥኖ በ2012 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን ቀኝ ጉልበቱ ከመጋጠሚያው ወልቆ ብዙ ጅማቶች ተበጠሱ። የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በ2013 መርጦት ጊዜ ሰጥቶ ቢጠብቀውም ላቲሞር አንድም የሙያተኛ ግጥሚያ ሳይጫወት በ2014 መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። በዚያው ቡድን ውስጥ ግን ፍራንክ ጎር የሚባል ራኒንግ ባክ ነበር። ጎር በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ2002 የአንዱ፣ በ2003 የሌላው ጉልበቱ የፊተኛ መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር። እርሱ ግን እስከ 2020 ድረስ ተጫውቶ 16,000 ያርድ በመሮጥ በሙያተኛው ሊግ ታሪክ ሦስተኛ ሆነ። የላቲሞር ትጋት ከጎር ያነሰ እንደ ነበር የሚያሳይ አንዳች ነገር የለም። የላቲሞር ጉልበት የከፋ ጉዳት ደርሶበት ነበር፤ ልዩነቱን የሚያስረዳውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

የቸብ ታሪክም ቢሆን ገና አልተዘጋም ነበር። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2023 ክሊቭላንድ ከፒትስበርግ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ያው ግራ ጉልበቱ በብርቱ ተመታ። በዚህ ጊዜ ከስምንት ዓመት በፊት ተርፎ የነበረው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ጭምር ተጐዳ፤ የውስጠኛው ጎን ጅማትና ልም አጥንቱም እንዲሁ። ሐኪሞቹ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጠገኑትም፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ፣ በኖቬምበር ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ዕድሜው 27 ሆኖ ነበር፤ ለራኒንግ ባክ ይህ ወጣትነት አይባልም። የጭኑን ጡንቻ ከመጨበጥ፣ እስከ ጥቂት ቍጥር ይዞ ከመልቀቅ እንደገና ጀመረ።

ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ክሊቭላንድ ውስጥ ከሲንሲናቲ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተሰለፈ። በዚያ ቀን የሮጠው እንደ 2016ቱ 222 ያርድ አልነበረም፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ቡድኑም አላሸነፈም። ያስቈጠረው ተችዳውን የአንድ ያርድ ሩጫ ነበር።

ሐ. የቃላት ፍች

መቃን፦ በር የሚገጠምበት የእንጨት ማዕቀፍ።
ልም አጥንት፦ እንደ አጥንት ያልጠነከረ፣ በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገኝ ለስላሳ አካል።
ጅማት፦ አጥንትን ከአጥንት ወይም ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዝ ጠንካራ ማሠሪያ።
ተቀለበሰ፦ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ታጠፈ፤ ተገለበጠ።
ይሟሽሻል፦ እየኮሰሰ፣ እየቀጠነ ይሄዳል።
ክብረ ወሰን፦ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ከፍተኛ ውጤት።
ወጌሻ፦ የተሰበረንና የተወለቀን አካል በባህላዊ ዘዴ የሚጠግን ሰው።
እንጀራ፦ በዚህ ምንባብ ውስጥ ምግቡን ሳይሆን መተዳደሪያን ያመለክታል።

መ. ስለ አንድ ቃል

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የአካል ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ኀይል፣ ብርታት ማለት ነው። «ጉልበቱ አበጠ» ሲባል የመጀመሪያውን፣ «ጉልበት አነሰው» ሲባል ሁለተኛውን እንረዳለን። አባቶቻችን የሰውን ብርታት በክንዱ ብቻ ሳይሆን በሚቆምበት መጋጠሚያ መለካታቸው በከንቱ አይመስልም። ከዚህ ቃል የሚወጡት ሌሎች ቃላት ግን አንድ ዐይነት መንፈስ የላቸውም፦ «ጉልበታም» ማለት ብርቱ ማለት ነው፤ «ጉልበተኛ» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ በኀይሉ ሌላውን የሚጨቁን ሰው ይባላል። በግዕዝ ጉልበት «ብርክ» ይባላል፤ «ተንበረከከ» የሚለው የአማርኛ ግሥና «ብርክ ያዘው» የሚለው አነጋገር ከዚሁ ጋር የተዛመዱ ናቸው።

ሠ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በራኒንግ ባክ ተግባር ውስጥ ጉልበትን ይበልጥ ለአደጋ የሚያጋልጠው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? ለምን?
2. በጉልበት ውስጥ ካሉት አራት ጅማቶች መካከል በ2015 ሳይበጠስ የቀረው የትኛው ነው? የዚህ ጅማት ተግባርስ ምንድን ነው?
3. «ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጥንካሬው ዘግይቶ ይመጣል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለተጐዳ ስፖርተኛ የሚያስከትለውን አደጋ አስረዱ።
4. የምንባቡ ጸሐፊ ቸብ በሴፕቴምበር 2016 ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ብሎ ያምናልን? ያቀረበውን ማስረጃ ጥቀሱ።
5. የላቲሞርና የጎር ታሪክ በምንባቡ ውስጥ ባይገባ ኖሮ አንባቢው ወደ ምን የተሳሳተ አስተያየት ሊደርስ ይችል ነበር?

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉትን ጥንድ ግሦች እየተጠቀማችሁ ስለ አንድ ሐኪምና ስለ አንድ ታማሚ ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን እንደ ሆነ አመልክቱ።

ሀ) ጠገነ — ተጠገነ
ለ) አዳነ — ዳነ
ሐ) አጠነከረ — ጠነከረ
መ) መለሰ — ተመለሰ

ከ«ለ» እንደምትመለከቱት «ዳነ» የሚለው ግሥ ድርጊቱን የሚፈጽምበትን ሌላ ሰው አይጠይቅም፤ «ተጠገነ» ግን ጠጋኝን ያስታውሳል። ምንባቡ ውስጥ ሁለቱ ግሦች ጎን ለጎን የገቡበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ በደብተራችሁ ገልብጡ።

መልመጃ ሦስት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለቸብ ታሪክ ይስማማልን? ለላቲሞር ታሪክስ? ለሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጣችሁ ምክንያታችሁን አስረዱ።

መልመጃ አራት። በዲሴምበር 2016 የቸብ ታላቅ ወንድም እንደ ሆናችሁ አስቡ። ወደ ሙያተኛ ቡድን እንዲሄድ ወይም በዩኒቨርሲቲው እንዲቈይ የሚመክር ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉለት። በደብዳቤያችሁ ውስጥ ከምንባቡ የተወሰዱ ቢያንስ ሦስት ቍጥሮችን ተጠቀሙ። ከዚያም ደብዳቤያችሁን ተቃራኒውን ምክር ከጻፈ ጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ አንብቡ፤ ለእርሱም በሁለት አንቀጽ መልስ ጻፉ።